አንድ ጠብታ

ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ሮተርዳም ያካፋል፤
ትራሙ ሲታጠፍ ሐዲዱ ያፏጫል።
እንደ መሰላል ቀጥ ካለው ደረጃ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
የወይዘሮ አለይዳ ድምፅ ይወርዳል፦ «ተጠንቀቅ፤
ዐሥራ ሦስት ኪሎ ነው። ሲሸከም የኖረው
ሌንደርት ነበረ፤ አሁን አንተው ቻለው።»

ሸክላ ማጫወቻ ነው፣ ጃፓን የተሠራ፤
በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ክዳኑ ላይ ጭረት፣ ማጠፊያው ላይ አቧራ።
ቀበቶ አያውቅም፤ ሞተሩ እምብርቱ፣
ከባዱ ሰሐኑ ቁጭ ያለ ባናቱ።
በመሃል ደላላ፣ በመሃል አማላጅ፣
የሚለጠጥ ጎማ፣ የሚያረጅ ወዳጅ
የለበትም።
(እኔ የትራም በር ጠጋኝ ነኝ፤ ይኼ ያስቀናኛል፤
የኔዎቹ በሮች ለመከፈት ብቻ
አራት ነገር ያስፈቅዳሉ።)
ሃምሳ ዩሮ ሰጠኋት። ሃያውን መለሰች፤
«ለመርፌው ይሁንህ፣ ያለቀ ነው» አለች።

ማታ ገመድ ሰክቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣
ቀይዋን አምፖል አየሁ ከጎኑ ተደፍቼ።
በሰሐኑ ከንፈር በተርታ የተነቀሱ
ጥቃቅን ነጥቦች አሉ፣ ፍጥነቱን የሚከሱ፦
ሲፈጥን ወደ ፊት፣ ሲዘገይ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤
ልኩን ሲያገኝ ብቻ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።
አልቆሙም። እንደ ቸኮለችው አፍሶ ይለቅማል፤
የዘፋኟ ድምፅ፣ መርከብ ላይ እንዳለች ሴት፣ ይንገዳገዳል።

ካቻቢቴ አመጣሁ፣ ፒንሳ፣ መበየጃ፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ ራት በላን ቆመን እምድጃ።
ያበጡ ካፓሲተሮች ነቀልኩ እንደ ጥርስ፤
የፍጥነት መዘውሩን አጠብኩ በአልኮል፣ እስኪለሰልስ።
የመሬቱ ሽቦ ከሥሩ ተቆርጧል፤
ለካስ እንደ ቀፎ የሚያጉረመርመው ከዚያ ኖሯል።
«የሚዞረው እሱ ነው ወይስ አንተ?» አለች ባለቤቴ።

በመጨረሻ ሰሐኑን አነሣሁ፣ ፔርኖውን ዘይት ላጠጣ።
ከሥሩ፣ ብርሃን ከማይደርስበት፣ የእርሳስ ጽሕፈት ወጣ፤
የሌንደርት እጅ፣ ደቃቃ፣ እንደ ሒሳብ ሹም፦

«መጋቢት 1981። አንድ ጠብታ።»
«መጋቢት 1982። አንድ ጠብታ።»
«1985። ሁለት ጠብታ። ስሕተት።»
«1994። ቤት ቀየርን። አንድ ጠብታ።»
«2003። አለይዳ ሆስፒታል። ረሳሁ።»
«2004። አንድ ጠብታ። ይቅርታ።»

ይቅርታ! ለብረት።
በመጨረሻው መስመር ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፤
«2019። አንድ» ይላል።
ጠብታዋን አልጻፋት።
ዘይቱ ግን ነበረ፤ ጣቴን አረጠባት።

እኔም አንድ ጣልኩበት። ሰሐኑን መለስኩት።
ነጥቦቹ ቆሙ።
መቆም ቢሉት እንጂ መቆም አይደለም፦
አምፖሏ በሰኮንድ መቶ ጊዜ ትጠቅሳለች፣
እነሱም ይሮጣሉ፣
ሁለት ሩጫ ሲስማማ ነው ዕረፍት የሚመስለው።

እሑድ ደወልኩላት፤ ስልኬን ከድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ።
ዝም አለች። ዝም አልኩ።
«ፈጥኗል» አለች።
«አልፈጠነም፤ ነጥቦቹ ቆመዋል።»
«እኛ ቤት እንዲህ አይቸኩልም ነበር።»
መዘውሩን በጥፍሬ ነካ አደረግሁት፤ ነጥቦቹ መሸሽ ጀመሩ፣
ቀስ እያሉ፣ ወደ ኋላ፣
ቤተ ክርስቲያን እንደ ተሳለመ ሰው ጀርባ ሳይሰጡ።
«እህ...» አለች። «አሁን እሱ ነው።»

ስልኩን ስትዘጋ እርሳስ ፈለግሁ፤
ከሱ መስመር በታች፣ በፊደሌ፣ በዘመን አቆጣጠሬ ጻፍኩ፦
«ሚያዝያ 2016። አንድ ጠብታ።»
አንድ ቀን፣ እኔ ሳልኖር፣ የሚያነሣው ሌላ ጌታ፣
ቁጥሩን ብቻ የሚለይ፣
ከዐሥራ ዘጠኝ በታች ዐሥራ ስድስት ያያል፤
«ወደ ኋላ ነው እንዴ ሲዞር የኖረው?» ይላል።

ይበል።
ዘይቱን ብቻ አይርሳ።